በሕይወት ላለ ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

ባለፈው ሚያዝያ፣ ዝናብ ሲያካፋ በዋለበት አንድ ቅዳሜ፣ በሕይወት ያለ ሰው ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ሟቹ ራሱ ወንበር አቀረበልኝ።

በዕድሜዬ ብዙ ሞኝነት ሠርቻለሁ፤ ባለቤቴ በሕይወት ብትኖር አንድ በአንድ ትቆጥርላችሁ ነበር። የዚያን ቀኑ ግን ከሁሉም ይብሳል። ሳስበው መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ቆይቶ ደግሞ ድክም ይለኛል። ለዚህ ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው።

የምኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ነው፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ። ልጄ «አባዬ፣ አሁን ሁሉ ነገር በስልክ ነው» ብሎ ትልቅ ስልክ ገዛልኝ። ስልኩ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ችግሩ የሚያውቀውን ሁሉ ባንዴ አይናገርም።

የዚያን ቀን ጠዋት ሻይዬን ይዤ የዕድራችንን ዋትስአፕ ስከፍት የፍሬው ፎቶ ብቅ አለ። ፍሬው እዚህ ላለነው ሐበሾች በአማርኛ የሚወጣው መጽሔት አዘጋጅ ነው። አዘጋጅ ስል፣ ጸሐፊውም አራሚውም እሱ ነው፤ ታትሞ ሲመጣም በየምግብ ቤቱ ተሸክሞ የሚያዞረው እሱ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

«ይህን የምንነግራችሁ በጥልቅ ሐዘን ነው። በዚህች ከተማ ለብዙ ዓመታት አብሯችሁ የኖረው፣ ያሳቃችሁ፣ አንዳንዴም ያናደዳችሁ…»

ከዚያ ነጠብጣብ። ከነጠብጣቡ አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር፤ መነጽሬን ስላላደረግሁ ችላ አልኩት። ታች ደግሞ እንባ የሚያፈስሱ ቢጫ ፊቶች ተደርድረዋል።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወረቀት ያለውን ሁሉ ፊት ለፊት ያሳይሃል። ግማሹ ተደብቆ «ንካኝና ልውጣ» የሚል ጽሑፍ አጋጥሞኝ አያውቅም። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን እኔው ጨረስኩት፦ ፍሬው አርፏል።

ለምን ደውለህ አላረጋገጥክም ትሉኝ ይሆናል። ደውዬስ ምን ልበል? «ይቅርታ፣ አባታችሁ ሞተዋል እንዴ?» ነውር ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በስልክም አይጠየቅም። ጥቁር ለብሰህ ትሄዳለህ፣ አለቀ። በዚያ ላይ የዕድሩ ጠሪ እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት ለአባላቱ የማሰማው እኔ ስለሆንኩ፣ ብዙዎቹ ገና ስሜን ስልካቸው ላይ ሲያዩ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ የደወልኩት ለአስቴር ነው። አስቴር ኪሊማኒ የሚባለው ሰፈር ምግብ ቤት አላት፤ የፍሬው ቤት ከእሷ ጀርባ ባለው መንገድ ነው። የዕድሩን ንፍሮ የምትቀቅለውም እሷ ናት።

«አስቴር፣ ቁጭ ብለሻል?»

«ምን ልቀመጥ! ቅዳሜ እኮ ነው፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። ደግሞ ማን ሞተ?»

«ፍሬው።»

ቢላዋው ሲወድቅ ሰማሁ።

«ሐሙስ ለት እዚህ ሽሮ በልቶ ሄደ እኮ!»

«እንግዲህ የመጨረሻው ሽሮ ነበረች» አልኳት፣ ድምፄን ቁርጥ እያደረግሁ።

«ብቻዬን አልገባም። ቶሎ ና፣ አብረን እንገባለን። እኔ ንፍሮውን ልጣድ።»

ለሌሎቹ ልደውል ስል ክሬዲቴ አለቀ። ፈጣሪ አንዳንዴ በስልክ ኩባንያ በኩል ይረዳል። ክሬዲት ቢኖረኝ ኖሮ ኪሊማኒ መሐል ድንኳን ይተከል ነበር።

ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ለሐዘን አዘቅዝቄ ደረብኩ፣ ማታቱ የሚሉት ሚኒባሳቸው ውስጥ ገባሁ። የቲካ መንገድ በመኪና ተጨናንቋል። ማታቱው ውስጥ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል። እኔ ፍሬውን እያሰብኩ ነው። የመጽሔቱ የቃላት እንቆቅልሽ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ብዬ ስሳደብበት፣ የገጠመኝ ዓምዱ ውሸት ነው ብዬ ስነዝንዘው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣኝም። እንባዬ መጣ። አጠገቤ የተቀመጠች ኬንያዊት ሴትዮ ነጠላዬን አየች፣ እንባዬን አየች፣ ከቦርሳዋ ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ።

«ፖሌ ሳና፣ ምዜ» አለችኝ። አይዞህ፣ ሽማግሌው፣ እንደማለት ነው። ከዚያ ኮንዳክተሩን ገላመጠችው፤ ሙዚቃው ቀነሰ። ከተማ እስክንደርስ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ያቺን ሴት ዳግመኛ ባገኛት ምን እንደምላት እስከ ዛሬ አላውቅም።

አስቴር ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ትልቅ ድስት በጨርቅ ጠቅልላ በሯ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ ቀልቷል። የሽንኩርት ይሁን የሐዘን አልጠየቅኳትም። የፍሬው ቤት ያለበትን ደረጃ እያለከለክን ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ ለቅሶዬን ለቀቅሁት፦ «ወንድሜን! ፍሬውዬ!»

የከፈተችልን ልጁ ሊያ ናት። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታለች።

«ሃይ ጋሼ! አር ዩ ኦኬ?» አለችኝ።

እዚህ ያደጉ ልጆች ሐዘናቸውም ሌላ ነው ብዬ አለፍኩት። አስቴር «አባትሽ የት ነው የኔ ልጅ?» አለቻት።

«ዳዲ? ሻወር ቤት ነው።»

ሁለታችንም እጃችንን ደረታችን ላይ አደረግን።

«ማን ነው የሚያጥበው?» አለች አስቴር በሹክሹክታ።

ሊያ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች። «ራሱ ነዋ!»

በዚህ መሐል ፍሬው ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ጆሮው ውስጥ የሳሙና አረፋ ይዞ ብቅ አለ። አስቴር «በስመ አብ!» ብላ ግድግዳውን ተደገፈች። ከእኔ አፍ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«አልሞትክም እንዴ?»

«ገና ነኝ ጋሽ በየነ» አለ። «ምነው ቸኮሉ?»

ከዚያ ወንበር አቀረበልኝ። ሊያ ስልኬን ተቀብላ፣ ያቺን ንቄ የተውኳትን ትንሽ ጽሑፍ ነካች። «ተጨማሪ» ነው የምትለው። የቀረው ዓረፍተ ነገር ተዘረገፈ፦ «…መጽሔታችን፣ ከዚህ ወር ጀምሮ በወረቀት መታተሙን አቁሟል። ከእንግዲህ የምንገናኘው በኢንተርኔት ብቻ ነው።»

አስቴር ሻሿን ፈታች። «አንተ ሰውዬ! ይሄን ሁሉ ስንዴ ያስቀቀልከኝ ለወረቀት ነው? ምሳ ሰዓት ቤቴን ዘግቼ!»

«ፎቶውን የለጠፈው እሱ ነው፣ እኔን ምን ታደርጊኛለሽ?» አልኳት።

«ፎቶ የተነሣ ሁሉ ሞተ አሉህ?»

ፍሬው አብሮን ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። ፈገግ ብቻ አለ። ያኔ ነው ቤቱን በደንብ ያየሁት። የመጽሔት እሽጎች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተቆልለዋል። አንዱ እሽግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጧል፤ ጠረጴዛ ሆኗል ማለት ነው። ሰውየው ከስቷል።

«ብትስቁም ለቅሶ መምጣታችሁ ትክክል ነው» አለ። «ግን ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ በሬን አንኳኩቶ የመጣ ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ። ሌላው ቢጫ ፊት ይልክልኛል። ለቢጫ ፊት ወንበር አታቀርብለትም፣ ሻይ ጠጣ አትለውም።»

«ግን እኮ በኢንተርኔት ይቀጥላል ትላለህ» አልኩት።

«እሱ እንዳታዝኑ ነው ጋሽ በየነ። ሊያ ገጹን ሠርታልኛለች። ባዶ ነው። ማታ ማታ እከፍተውና አየዋለሁ፣ አንድ መስመር አልጽፍም፣ መልሼ እዘጋዋለሁ። ማተሚያ ቤቱ ተወደደ፣ እሺ። ማስታወቂያ የሚሰጡኝ ሁሉ ቲክቶክ ገቡ፣ እሺ። እኔ ራሴ ግን ደክሞኛል። ወንድሜ ካርጎ መጋዘን ውስጥ ሥራ አለ ብሎኛል። ሰኞ ልገባ ነው። ገጹንም ያኔ እዘጋዋለሁ።»

«ዳዲ! እንደማትዘጋው ፕሮሚስ አድርገህልኝ ነበር!» አለች ሊያ ከበሩ።

«አድርጌ ነበር ልጄ።»

አስቴር ወለሉን እያየች «እኔም ማስታወቂያዬን ይዤ ቲክቶክ ገብቻለሁ» አለች። «የእህቴ ልጅ ነው… በስልክ ይሻላል አለኝ።»

«አይቼዋለሁ» አለ ፍሬው። «ጥብስሽ ያምራል።»

ዝናቡ መስኮቱን ይመታል። ደክሞኝ ተቀመጥኩ። በእኔ ዕድሜ የሚዘጋ ነገር ማየት ይሰለቻል። ጢሜን የምላጭበት ቤት ተዘግቷል፣ ካሴት የምገዛበት ሱቅ ተዘግቷል፣ በየወሩ መቃብር የማወርደው ሰው አለ። አሁን ደግሞ ስነዝንዘው የኖርኩት መጽሔት።

አስቴር ግን ተነሣች። ጓዳ ገብታ ሰሐን አመጣች፣ ድስቱን ከፈተች፣ ንፍሮውን ለአራታችንም አደለች።

«ለቅሶ ከሆነ ለቅሶ ነው» አለች። «ተቀመጡ።»

እኛም እንደ ለቅሶ ቤት ተቀመጥን። ለቅሶ ቤት ሰው መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቀጥሎ ንፍሮውን ይቆረጥማል፣ ከዚያ የሟችን ነገር ያነሣል። አስቴር ጀመረች። አንዴ ፎቶዋ ሽፋኑ ላይ ወጥቶ፣ ዓይኗን ጨፍና ስለነበር ደንበኛው ሁሉ «እንቅልፋሟ» ይላት ነበር።

«ያለችኝ ፎቶ እሷ ብቻ ነበረች!» አለ ፍሬው።

«ዋሾ! ዓይኔን የገለጥኩባትን ለዳቦ ቤት ማስታወቂያ ቦታ እንድትለቅ አውጥተሃት ነው!»

እኔ ደግሞ አስቴር ምግብ ቤት የሚቀመጠውን የመጽሔቱን እንቆቅልሽ በእስክሪብቶ የምሞላው፣ ሌላ ሰው እንዳይሠራው ብዬ እንደሆነ ነገርኳቸው። ያውም ግማሹን በስህተት ነው የምሞላው።

ፍሬው ያኔ ሳቀ። ንፍሮ ትን እስኪለው ሳቀ። ሊያ ጀርባውን መታችው። «ሞተ ብላችሁ መጥታችሁ ልትገድሉት ነው እንዴ?» አለች፣ በጠራ አማርኛ።

ልንሄድ ስንነሣ ልማድ ነውና «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። ለቀልድ ነበር ያልኩት። ከአፌ ሲወጣ ግን ቀልድ አልሆነም። ፍሬው ዓይኑን በፎጣው ጠረገ፤ ሳሙና ነው አለን።

ከዚያ በሩ ላይ ያዘኝ። «ጋሽ በየነ፣ የገጠመኝ ዓምዴን ውሸት ነው ሲሉኝ ኖረዋል። የዛሬውን እርስዎ ይጻፉታ።»

«እኔ? ተጨማሪ የምትለውን እንኳ ማንበብ ያልቻልኩ ሰውዬ?»

«የሚጽፉ ከሆነ ሰኞ አልዘጋውም። ማታ ማታ ደግሞ የእርስዎን አርማለሁ። ካልጻፉ ግን እውነትም ገድለውኛል ማለት ነው።»

እንዲህ ተብሎ እንቢ የሚል አለ?

አስቴር ግን አልጨረሰችም። ለቅሶውን የጠራ ሰው ትርፉን ይሸከም ብላ፣ ግማሽ የቀረውን ንፍሮ ከነድስቱ አስታቀፈችኝ።

«እኔ በስልክ አላነብም» አለችኝ። «ይህንን ጉድህን ስትጽፍ ለእኔ በወረቀት አምጣልኝ። ድስቴን ባዶዋን እንዳትመልስ!»

ጥቁር ኮት ለብሼ፣ ነጠላ ደርቤ፣ ድስት ታቅፌ ማታቱ ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ ክዳኑን አየት አድርጎ «ጊዜሪ?» አለኝ። ጊዜሪ እነሱ በቆሎና ባቄላ ቀቅለው የሚበሉት ነው። ዘገንኩለት። ቆረጠመና ጨው አንሶታል አለኝ። ለኮንዳክተሩም ሰጠሁት። ካሳራኒ ስደርስ ድስቷ ባዶ ነበረች፤ አራተኛ ፎቅ ስደርስ ግን ባዶዋም ከበደችኝ።

ይኸው እንግዲህ ጻፍኩ። ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ፤ ፍሬው በየቀኑ ከመጋዘን ሲወጣ እየደወለ «ገና ነዎት?» ይለኛል። እዘጋዋለሁ ያለባት ሰኞ ካለፈች በኋላም ብዙ ሰኞ አስጠብቄዋለሁ። ይህን የምታነቡት ከሆነ ገጹ አልተዘጋም ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ከመጣችሁም «ተጨማሪ» የምትለውን ነክታችኋል፤ ከእኔ ትሻላላችሁ። ምን ያህል እንደሚዘልቅ አላውቅም። ቢጫ ፊት የምትልኩ ካላችሁ ላኩ፣ ግን አንዳንዴ የሰውየውን በር አንኳኩለት። ወንበር አለው።

የቀረችኝ የአስቴር ነገር ናት። ይህንን በወረቀት አውጥቼ፣ አጥፌ፣ ድስቷ ውስጥ ከትቼ ልመልስላት ነበር። እኛ ሕንፃ ሥር ወረቀት የሚያትመው ሱቅ ወረድኩ። የስልክ ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ድስቷ ወጥ ቤቴ ውስጥ ተደፍታ ተቀምጣለች። አስቴር በደወለች ቁጥር አሁን የሚንቀጠቀጠው የእኔ እጅ ነው።