የማይቆጠሩ በጎች

ባለፈው ሳምንት ከደሴ ወደ ሐይቅ ስመለስ ዝናብ የመታው ባና የለበሱ ሽማግሌ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ባና ከበግ ጸጉር ይሠራል፤ ሲደርቅ ይህ ነው የሚባል ሽታ የለውም፣ ሲረጥብ ግን በጉ ራሱ ተሳፍሮ የመጣ ያህል ይሸታል። ከኋላ የነበረች ልጅ አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፍና «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» ስትል ረዳቱ «ዝናቡንም ላሳፍረው?» ብሎ መለሰላት። ሰው ሳቀ። መስኮቱ እንዳይከፈት የፈለግኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ያ ሽታ የአክስቴ የፋጤ ቤት ሽታ ነው። አክስቴ ፋጤ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ቤቷ የነበረው ከአምባሰል አናት፣ ገብስ እንኳ ተለምኖ በሚበቅልበት ውርጭ ላይ ነው። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ አባቴ ወደዚያ ይወስደኝ ነበር። ከሐይቅ እስከ ውጫሌ በመኪና እንሄዳለን፣ ከዚያ በኋላ በእግር ነው፤ ማሽላው ከኋላችን ይቀራል፣ ጤፉ ይቀራል፣ ባሕር ዛፉም ይቀራል፣ በመጨረሻ የአስታ ቁጥቋጦና የጓሳ ሣር ብቻ ይሆናል፣ በመካከላቸውም እዚህና እዚያ እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጅብራ የሚባል የደጋ ተክል። ለማላውቀው ሰው ሰላምታ መስጠት የሚያስጨንቀኝ ልጅ ነበርኩ። በመጀመሪያው ዓመት ጉም ውስጥ የቆመ ጅብራ ከሩቅ አይቼ፣ የምለውን በሆዴ ስለማመድ ቆይቼ፣ አጠገቡ ስደርስ አንገቴን ደፍቼ «እንደምን ዋሉ» አልኩት። አባቴ ይህን ያላወራለት ሰው ሐይቅ ውስጥ የለም።

ከአክስቴ ቤት በላይ ያለውን ሰፊ ሜዳ ጨፌ ይሉታል። ከሩቅ ሲያዩት ደረቅ ሣር ይመስላል፤ ሲረግጡት ግን መሬቱ እንደ ፍራሽ ይረግባል፣ እግር ሲነሣም ዱካው ቡናማ ውሃ ይሞላል። ሰማይ በጠራ ቀን ከዳሩ ቆሞ የግሸንን አምባ ማየት ይቻላል ይባላል፤ እኔ በሄድኩባቸው ክረምቶች ሰማይ ጠርቶ አላጋጠመኝም። የሚታየው ጉም ነበር፣ ጉሙ ውስጥ ደግሞ በጎች። የአክስቴ ባል ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅም አልነበራትም፤ እዚያ ብቻዋን ያስቀመጧት እነዚህ በጎች ነበሩ። አባቴ በየዓመቱ ሊሰናበታት ሲል «እታለም፣ ይብቃሽ፤ ውረጂና እኛ ጋ፣ ውሃው ዳር፣ አብረን እንኑር» ይላታል። እሷም በየዓመቱ «በጎቼንስ ዓሣ ይጠብቅልኛል? እነሱ እስካሉ አለሁ፤ እነሱ ሲያልቁ መጥተህ ውሰደኝ» ትለዋለች። ይሳሳቁበታል፤ ግን ሁለቱም እንደ ውል ይዘውት ነበር።

በጎቿ አይቆጠሩም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የበረቱ በር ላይ ትቆምና የእያንዳንዱን ጀርባ በእጇ እየነካች «ዳለቻ ገባሽ፤ አንቺ አኩራፊ ገባሽ፤ የደምሴ ሌባ፣ አንቺም ገባሽ» ትላቸዋለች። ሌባ የተባለችው የጎረቤቷ የአያ ደምሴ ገብስ ውስጥ የምትገባዋ ናት። ያልገባች ካለች ወዲያው ታውቃለች፤ ስንት ናቸው ብሎ ለጠየቃት ሰው ግን መልሷ «አላህ የሰጠኝን ያህል» ነው። ቁጥር የተጠራለት ነገር ይጎድላል ብለው ያምናሉ፤ በዚህ ነገር እስላሙና ክርስቲያኑ አይለያዩም። ጎረቤቷ አያ ደምሴ፣ ባና ሸማኔው፣ የማርያምን ቀን ሳያከብሩ የማያልፉ ሰው ናቸው፤ እሳቸውም ስንት ልጅ አለዎት ሲባሉ «አሉ፣ አሉ» ብለው ወሬ ይለውጣሉ።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ በሄድኩበት ክረምት ይህን አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። አውቅ ነበር። ግን በዚያ ዓመት በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ወጥቼ ነበር፣ ለሰው ደፍሬ የማልናገር በመሆኔም አንደኛነቴን የማሳይበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አንድ ቀን በጎቹ ሲገቡ የበረቱ ካብ ላይ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቆጠርኳቸውና «አክስቴ፣ ሠላሳ ሰባት ናቸው!» አልኳት። እጇን አፌ ላይ ጫነችው። «ውይ! ቢስሚላህ በይ! በይ እንጂ! ማን ቁጠሪ አለሽ?» አያ ደምሴ ከአጥሩ ወዲያ ሆነው «ተያት ፋጤ፣ ተማሪ እኮ ናት፤ ነገ ደግሞ ጉሙን ትቆጥርልሻለች» ብለው ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጉም ወረደ። በጎቹ ቀደም ብለው ተመለሱ፣ ቦራ ግን አልነበረችም። ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር በግ ናት፤ አርግዛ ነበር፣ ሌሎቹን የምትመራውም እሷ ነበረች። አክስቴ ሁለት ጊዜ ጠራቻት፣ ከዚያ በረቱን ዘጋች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሁሉም በጎች ተራ በተራ እያለቁ፣ በመጨረሻ አባቴ መጥቶ አክስቴን ይዟት ሲወርድ፣ ይህም ሁሉ ከእኔ አፍ የወጣ ሆኖ ታየኝ። ማንም ሳያየኝ ቦራን ፍለጋ ወጣሁ።

ሩቅ አልሄድኩም። አንዱን የላስቲክ ጫማዬን ጨፌው ዋጠው፣ እሱን ስፈልግ ደግሞ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ ጠፋኝ፤ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ ሥር ገብቼ ጉልበቴን አቅፌ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አክስቴ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፣ ከሌላ በኩል ደግሞ አያ ደምሴ። ቅርብ ነበሩ። አቤት ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። አቤት ካልኩ ለምን ወጣሽ እባላለሁ፤ ለምን ወጣሽ ከተባልኩ ቦራን ልፈልግ ነው ማለት አለብኝ፤ ቦራን ካነሣሁ መቁጠሬን ማንሣት አለብኝ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ብርዱ የቀለለ መሰለኝ። ዓይን አፋር ያልሆነ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም። ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ጣቶቼን መቆጣጠር እያቃተኝ፣ ስሜ ሲጠራ ዝም ብዬ አዳምጥ ነበር።

«ትሰማናለች ፋጤ» አሉ አያ ደምሴ። «ሰምታ ነው ዝም ያለችው። ቆይ አንድ ነገር ልሞክር፣ ኋላ እንዳትቆጪኝ።» ከዚያ እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኹ። «የፋጤ በጎች! አንድ! ሁለት! ሦስት! አምስት!»

ከንፈሬን ነከስኩ።

«ስድስት! ስምንት! ሰባት!»

«ይተዉ አያ ደምሴ» አለች አክስቴ። አሁን ተቆጣች፣ የእሳቸውም ጥፋት በእኔ ላይ ሊደመር ነው አልኩ። እሷ ግን «የኔ ናቸው፤ እኔው ልቁጠራቸው» አለች።

ቆጠረቻቸውም። አንድ አለች፣ ሁለት አለች፣ በየቁጥሩ አንድ እርምጃ እየሄደች፣ የሚሰማ ሁሉ ይስማ እንደሚል ሰው ድምፅዋን ሳትደብቅ። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ሃያን ስታልፍ ወደ እኔ እየቀረበች ነበር። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ከዚያ ጥቂት ቆመችና «ሃያ አሥር» አለች።

«ሠላሳ!» አልኩ።

ሳላስበው ነው የወጣው። ከአሥር እርምጃ በማይበልጥ ቦታ ነበረች። አልመታችኝም፣ አልሳመችኝም፤ የለበሰችውን እርጥብ ባና አውልቃ ጠቀለለችኝና በጀርባዋ አዘለችኝ፣ የመታዘል ዕድሜዬ ካለፈ ቆይቶም። አያ ደምሴ «ሃያ አሥር! ወይ ፋጤ! እኔስ አራትንና ሰባትን ብቻ ነው የበደልኩት» እያሉ ቤት እስክንደርስ ሳቁባት። «ልጅቷ ተገኘች አይደል? ዝም ይበሉኝ» አለቻቸው። ገበያ ላይ ቁጥር ስታ የማታውቅ ሴት ናት። አውቃ ይሁን ተሳስታ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።

ቦራ አልተገኘችም። በሦስተኛው ቀን አያ ደምሴ አንድ ጭብጥ ጥቁር ጸጉር ይዘው መጡ፣ አክስቴም ተቀብላ ከሚፈተለው ጋር ቀላቀለችው። አባቴ ሊወስደኝ መጥቶ በጎቹ እንዴት ናቸው ሲላት «ደህና ናቸው» አለችው። እኔ ፊት ነው ያለችው።

ከዚያ ዓመታት ሄዱ። ክፍሌ ከፍ ባለ ቁጥር የምሄድበት ጊዜ እያጠረ መጣ። ሁሉም ሰው ስለ ለውጥ በሚያወራበት ዘመን ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ የተመደብኩትም ስታቲስቲክስ ነበር። ምን እንደሆነ አክስቴን ለማስረዳት ብዙ ደክሜ በመጨረሻ «መቁጠር ነው» ስላት፣ ትንሽ አሰበችና «የሚያስተምሩሽ ሰዎች ከብት የላቸውም እንዴ?» አለችኝ። የለውጡ ወሬ ጨፌውም ደርሶ ነበር። አያ ደምሴ መንገድ ሊገባልን ነው እያሉ፣ መንገዱ ያልፍበታል የተባለበትን ምልክት ድንጋይ እየመሩ አሳይተውኛል።

መንገዱ አልገባም። ጦርነቱ ገባ። እኔ ያኔ ሩቅ፣ ትምህርት ላይ ነበርኩ፤ ስልክ ተቋርጦ ቤተሰቤ በሕይወት መኖሩን ሳላውቅ ብዙ ሳምንታት አለፉ። የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። በጨፌው በኩል መጀመሪያ ያለፉት ታጣቂዎች ጥቂት በጎች አርደው በሉ፣ ቀጥለው ያለፉትም ጥቂት፣ በመጨረሻ ያለፉት የቀሩትን ነዱ። ነገሩ ሲበርድ የጠፋ ንብረት የሚመዘግቡ ሰዎች ወጥተው አክስቴን በጎችሽ ስንት ነበሩ ሲሏት «አላህ የሰጠኝን ያህል» አለቻቸው፤ ቁጥር የሚጻፍበትም ቦታ ባዶ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ምርኩዟን ይዛ በእግሯ ወርዳ ሐይቅ ገባች።

ቤታችን ውስጥ ግን አልተቀመጠችም፤ አደረች እንጂ። ሳሎን ላይ ፍራሽ ይነጠፍላታል፣ ጎሕ ሲቀድ ጠቅልላ ጥግ ታስይዘዋለች። አባቴ ከጓሮ አንድ ክፍል ልሥራልሽ ሲላት «ምን ያደርግልኛል? ከጎረቤቶቼ አንዱ ሁለት ሴት ግልገል ለርቢ ከሰጠኝ እመለሳለሁ» ትለዋለች። የማንን በግ እንደምትጠይቅ፣ የትኛው ቤት እንደማይነፍጋት ተራ በተራ አስባበት ነበር። በጥቅምት ወር እኔን ላከችኝ፤ ቤቱ መቆሙን፣ ሰዉ መመለሱን አይቼ እንድነግራት።

ቤቱ ቆሟል። አያ ደምሴ ተመልሰዋል፤ የሽመና ጉድጓዳቸው ውሃ አቁሯል። «ተማሪዋ! መጣሽ? የምትቆጥሪውን አጣሁልሽ» አሉኝ። ሳቅ ለማለት ሞከርን። ሌሎቹ ጎረቤቶች ምን እንደቀራቸው መጠየቅ ይገባኝ ነበር፤ የሰው ጉዳት መጠየቅ ከብዶኝ አልጠየቅኩም። ብቻዬን ወደ ጨፌው ወጣሁ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ሣሩ ዘንፈል ብሎ፣ ፍሬ ይዞ፣ ነፋስ ሲመጣ ከዳር እስከ ዳር እየተኛ ይነሣል። ቢያንስ አንድ ደስ የሚል ወሬ ይዤላት እወርዳለሁ ብዬ አሰብኩ።

ስመለስ ጓሮ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቤቱን ነገርኳት፣ አያ ደምሴንም።

«ጨፌውስ?»

«አምሯል አክስቴ። ሣሩ ጉልበቴን አልፏል።»

ፊቷ በራ። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ከዚያ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። «ጉልበትሽን?»

«አዎ።»

«ከታች በኩልስ? በጎረቤታችን በእነ ሐሰን ቤት በኩል?»

«እዚያም።»

«በምንጩ በኩል?»

የተናገርኩት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። በዕድሜዋ ሙሉ ያ ሣር ከቁርጭምጭሚት በላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የጎረቤቱ ሁሉ በግ ይግጠው ነበር። «በምንጩም በኩል» አልኩ፣ ድምፄን ቀንሼ።

ምስሩን ለቅማ ጨረሰች። ያበጠረችውን ወደ ሳሕኑ ገለበጠች፣ እጇን አራገፈች።

«አባትሽ ሲመጣ ንገሪው» አለችኝ። «ያንን ክፍል ይሥራው። በሩን ግን ወደ ውሃው ያድርገው፤ ወደ ላይ እንዳያሳየኝ።»