ስማቸው የጠፋ ወላዶች

በአንድ የማዋለጃ ክሊኒክ ኮምፒውተሮቹን የምትጠብቅ ሴት ነበረች። ባልደረቦቿ «ድርቤ» ይሏታል፤ ሁሉን ነገር በሁለት ስለምትይዝ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ሁለት መነጽር፣ ሁለት የቤት ቁልፍ አይጠፋም። ባሏ «ደግነቱ ባል ላይ አልደረሰችም» እያለ ይቀልድባታል።

አንድ እሁድ የወላዶቹን መረጃ ከአሮጌው ሰርቨር ወደ አዲሱ አዛወረች። መጠባበቂያ ቅጂ አወጣች፣ ቅጂውን አዲሱ ላይ ጫነች፣ ብዛቱ እኩል መሆኑን አየችና አሮጌው ማሽን ለፋርማሲው እንዲሰጥ ፈቀደች። ሰኞ ማለዳ የፋርማሲው ቴክኒሻን ውስጡ ያለውን መረጃ ጠራርጎ አጥፍቶ ወሰደው።

ብዙም ሳይቆይ እንግዳ ተቀባይዋ ደወለችላት። በዕድሜ ትበልጣታለች።

«ድርብዬ፣ የያዝሽውን ጣይና ነዪ።»

ስትደርስ መተላለፊያው በነፍሰ ጡሮች ተሞልቷል። ስክሪኑ ላይ ስልክ ቁጥሩ አለ፣ የቀጠሮው ቀን አለ፤ በስም ፋንታ ግን የጥያቄ ምልክት ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል።

«ማን ብዬ ልጥራ እንግዲህ?» አለች እንግዳ ተቀባይዋ።

ቀኗ የደረሰ አንዲት ነፍሰ ጡር «ጥያቄውስ እኔ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፤ እኔን አስቀድሙኝ» ስትል ሰዉ ሳቀ። ድርቤ አልሳቀችም። አሮጌው ማሽን ባዶ መሆኑ ትዝ አላት።

«እትዬ፣ ከአሁን በኋላ አንድም ስም እንዳታስገቢ። በወረቀት ያዢ» ብላ ወደ ክፍሏ ሮጠች።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚነግረው ሰንጠረዥ አለው። አዲሱ ሰርቨር የተዘጋጀው የላቲን ፊደላትን ብቻ በሚያውቅ ሰንጠረዥ ነበር። የእኛን ፊደል ሲያገኝ ቦታ አጣለትና በያንዳንዱ ፋንታ የጥያቄ ምልክት አስቀመጠ። አንዴ እንደዚያ የሆነ ስም ደግሞ ከዚያው ላይ አይመለስም።

የቀረው ተስፋ ቅጂው ነው። ፋይሉን ስትከፍተው ስሞቹ በደህና አሉ። የተበላሹት ሲጫኑ ነው ማለት ነው።

የክሊኒኩ ኃላፊ ብቅ አሉ። «እህስ ልጄ፣ ተርፈናል?»

«እስከ እሁድ ያለው ይመለሳል፣ ዶክተር። ብዛቱን አየሁ እንጂ አንድም ስም ከፍቼ አላየሁም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ዛሬ ጠዋት የተመዘገቡት ግን ስማቸው የለም።»

«ስልካቸው አለ አይደል? ደውዪላቸዋ!»

የጠዋቶቹን ስልክ ለብቻ አስቀርታ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው፣ የእኛንም ፊደል በሚያውቅ ሰንጠረዥ ሠራችው፤ ቅጂውን የሚጭነው ፕሮግራምም በዚያው ሰንጠረዥ እንዲያነብ አዘዘችው። በዚህኛው ዙር ስሞቹን እያየች ወረደች። እንደ ኟ እና ጿ ያሉት፣ እምብዛም የማይገጥሙት ፊደላት እንኳ አልተዛቡም።

ከዚያ ስልክ መደወል ያዘች። አብዛኞቹ ስማቸውን ነግረዋት ዘጉ። አንድ አባት ግን የአራስ ልጁን ስም ስትጠይቀው «ጠዋት ያስመዘገብኩትን?» አለ። ከጀርባው የሴት ድምፅ ተሰማ፦ «እንዴ! አስመዝግበሃል እንዴ? ማን ብለህ?»

«በእናቴ ስም ነዋ» አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

«እኔ ተኝቼ?»

ሚስትየው ስልኩን ተቀበለችው። «እህቴ፣ ያ ስም ጠፋ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው! እሰይ ነው እንጂ። ጻፊ፣ እኔ ልንገርሽ።»

«እናንተ ጨርሱና ደውሉልኝ» አለች ድርቤ፤ በባልና ሚስት መሃል መግባት አልፈለገችም።

በማግስቱ የደወለው አባትየው ነበር። ሚስቱ ያወጣችውን ስም ፊደል በፊደል አስጻፋት።

ከዚያ ወዲህ ድርቤ ቅጂ ባወጣች ቁጥር ትርፍ ማሽን ላይ ጭና ስሞቹን ታነባለች፤ ያላነበበችውን ቅጂ አለኝ አትልም።

ልጅቱ ለክትባት ስትመጣ እንግዳ ተቀባይዋ ስሟን ጠራች፤ እናትየው «አቤት» ብላ ተነሳች። መርፌው ሲወጋት ግን አባትየው አቅፎ ሲያባብላት የተሰማው በእናቱ ስም ነበር። ሚስቱ ሰምታለች፤ ፈገግ ብላ አለፈችው።