ያለ እጀታ የተከፈተው መስኮት

ጀሚል ሥራ ላይ ሲሆን አፉ አያርፍም። ካቻቢቴው ብሎን ሲፈታ ምላሱም አብሮ ይፈታል። ሆሳዕና ውስጥ መስኮቱ የተበላሸበት ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ «መስኮታችንን ሠራልን፣ እኛን ግን በወሬ ጨረሰን» እያለ ይስቃል። እዚያው አቅራቢያ ያለችው የሞርሲቶ ከተማ ልጅ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ አንድ የአሉሚኒየም ቤት ተቀጥሮ ስምንት ዓመት መስታወት ሲሸከም ኖረ፤ ከዚያ ረምላን አግብቶ ሆሳዕና ገባ። ጊዜውም እሱን ሲጠብቅ የቆየ ያህል ነበር። ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ልጆች ብር እየላኩ ቤት የሚያሠሩበት፣ መስኮቱም ደብል ግላስ ካልሆነ ሞተን እንገኛለን የሚሉበት ዘመን ነው። ሁለት መስታወት ተደርቦ መሀሉ ላይ አየር የታሰረበትን ማለቴ ነው።

መስኮቱ መጣ፣ አጠቃቀሙን ግን ማን ይንገራቸው! እጀታው ወደ ታች ሲሆን ይዘጋል፤ ወደ ጎን ሲሆን እንደ በር ይከፈታል፤ ወደ ላይ ሲሆን ከላይ በኩል ብቻ ዘመም ብሎ አየር ያስገባል። ሰዉ ግን መሀል መንገድ ላይ ይጎትተውና መስኮቱ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሎ ሲቀር «ወደቀብን! ድረስልን!» ብሎ ይጮሃል። የውስጥ ማርሹ ደርቆ አልዞር ሲላቸው ደግሞ ቅቤ የሚቀቡት አሉ። አዎ፣ ቅቤ! ያውም ለጋ ቅቤ። ቅቤው አቧራ ይይዛል፣ ጉንዳን ይጠራል፣ በሳምንቱ ድርቅ ብሎ ይቆለፋል። «የሰው ራስ መሰላችሁ እንዴ?» እያለ ጀሚል በጥርስ ብሩሽ ሲፈገፍገው ይውላል። ግራሶ ጠብ አድርጎ፣ የላላውን ብሎን አጥብቆ፣ የጎማውን ጠርዝ አጽድቶ ከወጣ መስኮቱ ዳግም አያስጠራውም። ይኮራበታል። አንድ ጊዜ የሠራሁት መስኮት ደግሞ አይጠራኝም ይላል።

ባለፈው ነሐሴ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ አቶ ዳኘ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ደወሉለት።

«የወንድሜን ሚስት የጵርስቅላን ግቢ ታውቀዋለህ? የልጇን የሆሴዕን ቤት። መስኮቱ በሙሉ እንዲከፈት ነው የምፈልገው» አሉት።

«በሙሉ?»

«አንድም ሳይቀር። ሰው ይበዛል።»

ቤቱን ማን የማያውቀው! ሆሴዕ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ደቡብ አፍሪካ ገብቶ፣ ሱቅ ከፍቶ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ያሠራው ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። እሱ ራሱ በቪዲዮ ካልሆነ በዐይኑ አላየውም። ቤቱ ካለቀ አራት ዓመት ሆኖታል፤ እናቱ ወይዘሮ ጵርስቅላ ግን ከኋላ ባለችው ሰርቪስ ይኖራሉ እንጂ አንድ ሌሊት እንኳ አልተኙበትም። ቀድሞ የሚተኛበት ባለቤቱ ነው አሉ። ከመስኮቶቹ ፍሬም ላይ ከፋብሪካ የመጣውን ላስቲክ እንኳ አላስነሱም፤ «እሱ መጥቶ ይላጠው» ይላሉ። እንዲህ ተቆልፎ ሰው የሚጠብቅ ቤት በዚህ አገር ሞልቷል።

ጀሚል ግቢው ሲደርስ ወይዘሮ ጵርስቅላ በር ላይ ጠበቁት። ፊታቸው ወገግ ብሏል።

«ሰማህ ጀሚል? ልጄ ሊመጣ ነው! ዳኘ ነው ያበሠረኝ። ጌታ ይመስገን!»

«አልሐምዱሊላህ እማማ! ታዲያ በጉ የታለ?»

«አትቸኩል፣ ቅዳሜ ነው የሚገባው» አሉና ሳቁ።

ከታች ጀመረ። ፀሐይ ያደረቀውን ላስቲክ ከማርሹ አፍ ላይ በምላጭ እየቆረጠ፣ የደረቀውን እያራሰ፣ በወሬውም እሳቸውን እያሳቀ እስከ ረፋድ ድረስ ስድስት መስኮት ከፈተ። ከዚያ ወደ ፎቅ ወጡ። የሆሴዕ መኝታ ቤት በግቢው በር ትይዩ ነው። አልጋው በትልቅ ላስቲክ ተሸፍኗል። ክፍሉ ከሌላው ቤት ይልቅ ይበርዳል፤ ጀሚል የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈ። መስኮቱ አንድ ስንዝር ያህል ተከፍቷል።

«ይሄንንማ ቀድመው ከፍተውታል» አለ።

«እኔ አልከፈትኩትም። ልነግርህ ነበር፤ ከረቡዕ ጠዋት ወዲህ እንዲህ ሆነብኝ። እዘጋዋለሁ፤ ተከፍቶ አገኘዋለሁ። ተበላሽቶ ይሆን?»

ጀሚል እጀታውን ነቅሎ ማርሹን አየ። ምንም አልሆነም። ጥርሱ አልተበላም፣ ብሎኑ አልላላም። ነገሩ ደግሞ ለሙያው ሰው ግልጽ ነው፦ ማርሹ ያለቀ እጀታ ክብደቱ ጎትቶት ወደ ታች ይወድቃል እንጂ ከታች ወደ ጎን አይነሳም። መልሶ ገጠመው፤ አሥር ጊዜ ዘጋ፣ አሥር ጊዜ ከፈተ፤ ዘግቶት ወረደ።

ምሳ ሰርቪሷ በረንዳ ላይ ቆጮ በጎመን በሉ። ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የግቢው በር ተቆልፏል፤ ወይዘሮ ጵርስቅላም ከዐይኑ አልተሰወሩም። በልቶ ሲመለስ እጀታው ወደ ጎን ተነስቷል። መስኮቱ አንድ ስንዝር ተከፍቷል።

«ቢስሚላህ!» አለ ጀሚል። መስኮቱን ዘግቶ እጀታውን ማርሹን ከሚያዞረው ካሬ ብረት ጋር ነቀለና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። እጀታ የሌለው መስኮት ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ የቀረው ከባቄላ የማትበልጥ ቀዳዳ ብቻ ናት። «አሁን ደግሞ ይከፈት እስኪ!» ብሎ ፎከረ። ማታ ቤቱ ሲገባ ረምላ «ምነው ዝም አልክ፣ አሞሃል?» አለችው፤ «ደክሞኝ ነው» ብሎ ተኛ። እጀታው ያለበትን ቦርሳ ወደ ቤት አላስገባውም፤ ደጅ ነበር የተወው።

ዓርብ ሲመለስ ሳሎኑ ውስጥ ሰዎች ሶፋውን እያወጡ ነው። በምትኩ ረጃጅም አግዳሚ ወንበር ያስገባሉ። አቶ ዳኘ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«እንግዳ ሊመጣ ሶፋ ይወጣል እንዴ አቶ ዳኘ?» አለ ጀሚል።

አቶ ዳኘ ቀና ብለው አላዩትም። «ይሄ ሁሉ መስኮት ተከፍቶ ሰው ቢሞላ አየሩ ይበቃል?» ብለው ጠየቁት።

«ይበቃል» አላቸውና ፎቅ ወጣ።

መስኮቱ ተከፍቷል። ያለ እጀታ። ቀዳዳዋ ባዶ ናት፤ ትናንት የቀባት ግራሶ እንኳ አልተነካም። የመስኮቱ ደፍ ላይ የጠዋቱ ጤዛ እንዳለ አለ፤ የእጅ አሻራ የለበት፣ የእግር ዱካ የለበት። ከውጭ ማንም ወጥቶ አልገባም። ጀሚል ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወርዶ ግቢው በር ላይ ደረሰ። የወይዘሮ ጵርስቅላ ጎረቤት ራሄል ከሌሎች ሴቶች ጋር የተዋሰችውን ብርድ ልብስ ታቅፋ ትገባለች።

«ራሄል፣ ላይ ቤት የሚገባ ሰው አለ?»

ገልመጥ አድርጋ አየችው። ክንዱን ይዛ ወደ አጥሩ ሳበችውና በሹክሹክታ «አንተ! አልሰማህም እንዴ? ማክሰኞ ሌሊት እኮ ነው። ሱቁ ውስጥ ገደሉት» አለችው።

«ማንን?»

«ሆሴዕን ነዋ! ከተማው በሙሉ ሰምቷል፤ የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። መርዶው ነገ ማለዳ ነው። ለቅሶው በልጇ ቤት ይሁን ተባለ፤ ቤቱን እንድትከፍት ደግሞ ምን ይበሏት? ይመጣል አሏት። አደራህን ጀሚል፣ ያን አፍህን!»

ወይ ጉድ! ሽማግሌዎቹ ክፋት አስበው አይደለም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ደጋፊ በግራ በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው፤ ሴትዮዋ ብቻዋን ሰምታ ልቧ እንዳይቆም ብለው ነው። ግን እንዲህ ያለ ውሸት ይዋሻል? በደስታ የሳቀችን እናት ነገ በምን አፍ ሊያናግሯት ነው? ጀሚል ልንገራቸው ይላል፣ ያደራ ነገር ነው፤ ልተወው ይላል፣ በጉን ገዝተው አስረውታል።

ወደ ፎቅ ሲመለስ ወይዘሮ ጵርስቅላ የአልጋውን ላስቲክ አንስተው አዲስ አንሶላ ያነጥፋሉ። ጀሚል ጀርባውን ሰጥቶ ባለ ቁልፍ እጀታ ገጠመ። ቆለፈው፤ ጎተተው፤ አልተነቃነቀም። ቁልፏን ሰጣቸው፤ እሳቸውም ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጠሯት።

«ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው እማማ።»

ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ትራሱን መታ መታ አድርገው አስተካከሉ።

ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ስልኩ ጮኸ። «ጀሚል፣ ተከፍቷል። ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ቶሎ ና» አሉት ወይዘሮ ጵርስቅላ፤ ድምፃቸው ረጋ ብሏል። ባጃጅ ይዞ ሄደ። ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል፤ የባጃጁ መብራት ከአፍንጫው አያልፍም።

ላይ ቤት ወጣ። መቆለፊያው እንደተቆለፈ ነው፤ እጀታው ግን ተነስቷል። መስኮቱ ዛሬ ስንዝር አይደለም፣ እስከ ግድግዳው ድረስ ተከፍቷል። ብርዱና ጉሙ ይገባል። አብሮ የሚገባ ነገር ደግሞ አለ፦ ከመንገዱ በኩል የብዙ ሰው እግር፣ የታፈነ ሳል፣ «እሽ! ገና ነው!» የሚል የሴት ድምፅ። ጀሚል ወደ ውጭ አየ። ከጉሙ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ከፊት አቶ ዳኘ አሉ። ዞር ሲል ወይዘሮ ጵርስቅላ ከኋላው ቆመው እሳቸውም ያያሉ።

«ይሄ ሲዘጋ ድምፅ ያስገባል?» አሉት።

«አያስገባም እማማ።»

«እንግዲያው ዝጋልኝ።»

ጀሚል መስኮቱን ገፍቶ እጀታውን ወደ ታች ተጫነው። አልወርድ አለው። ዝገት ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ ያውቃል፤ ይሄ እንደዚያ አይደለም። ሌላ እጅ ከወዲያ በኩል እንደያዘው ይገፋዋል፣ ላላ ይልና ደግሞ ይገፋዋል። በሁለት እጁ ተንጠለጠለበት። ላብ አጠመቀው። ወይዘሮ ጵርስቅላ ቀረብ ብለው መዳፋቸውን በእጁ ላይ አኖሩ።

«በቃ ሆሴዕ» አሉ። «ገብተሃል፤ አይቼሃለሁ። በቃ ልጄ።»

እጀታው ለስለስ ብሎ ወረደ።

ጭጭ አለ። ከመስታወቱ ማዶ ሰዉ ግቢውን ሞላው፤ ሴቶቹ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንዷ ደረቷን ይዛ ትናጣለች፣ አቶ ዳኘ እጃቸውን አንስተው ዝም በሉ ይላሉ። አንድም ድምፅ አይሰማም።

«አንተም ታውቃለህ አይደል?» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ።

ጀሚል መዋሸት አልቻለም። እንባው በጉንጩ ወረደ። «እማማ፣ ወላሂ አደራ ብለውኝ...»

«አትጨነቅ። አንተ ዝም ስትል ምን ደህና ነገር አለ?» አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «እኔማ ረቡዕ ጠዋት መስኮቱን ሳይ ነው ሆዴ የነገረኝ። ዳኘ ይመጣል ሲለኝ ዐይኔን አላየም። ይሁን ብዬ ደስ አለኝ። ሁለት ቀን ልጄ ይመጣል እያልኩ ልቆይ ብዬ ነው፤ ማን ይከለክለኛል?»

አንሶላውን በመዳፋቸው አለሰለሱ። አላለቀሱም። ጀሚል ነው ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንደ ልጅ የሚንሰቀሰቀው። ከዚያ ተነሱ፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ለበሱ።

«እስቲ እያቸው፣ ሽማግሌዎቹን» አሉ። «ማን ይጀምር ብለው እኮ ይገፋፋሉ። ብርዱ ጨረሳቸው።»

ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ፤ ጀሚል ተከተላቸው። ሽማግሌዎቹ ገና ሳያንኳኩ የሳሎኑን በር ከፈቱት። አቶ ዳኘ በእጃቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ቆመዋል፤ «ጵርስቅላ፣ እንግዲህ ጌታ...» ብለው ጀመሩ።

«ግቡ ዳኘ፣ ሁላችሁም ግቡ» አሉ ወይዘሮ ጵርስቅላ። «ቁጭ በሉና እኔው ልንገራችሁ። ልጄ ሆሴዕ ማክሰኞ ሌሊት ሞቷል።»