የኢንጌርድ ቀኝ እጅ

እኔ አውሮፕላን አብራሪ ነኝ። ደህና የሚበር አውሮፕላን ትቶ በፓራሹት የሚዘል ሰው እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ቢሆንም ዕድሜዬን የጨረስኩት እነሱን ሰማይ ላይ ሳራግፍ ነው። ከሁሉም ኢንጌርድን የሚያህል አላየሁም። ያኔ፣ ከቬተርን ሐይቅ ወዲህ ያለችው የሳር ሜዳችን ቅዳሜ ቅዳሜ በሰው ስትሞላ፣ ጀማሪዎቹን የምታሰለጥነው እሷ ነበረች። ባሏ ሩኔ ደግሞ አውሮፕላኑ የሚያድርበት ሃንጋር ጥግ የስፌት መኪናው ላይ አቀርቅሮ የሁሉንም ፓራሹት ይጠግናል። የሚስቱን ግን ገላ ላይ የሚታሰረውን ማንጠልጠያ በሙሉ ራሱ ነው የሰፋው። በእጅ ስትሳብ ፓራሹቱን ጎትታ የምታወጣዋ ትንሽ ጨርቅ የምትቀመጥበትን ኪስ ቀኝ ጭኗ ላይ አደረገላት። እጅሽ ፍለጋ ሳይዞር እንዲያገኘው ነው ይላት ነበር። ደጉ ዘመን!

ሩኔ አንድ የክረምት ጠዋት ደጃፉ ላይ በረዶ ሲጠርግ ልቡ ቀጥ አለ። ኢንጌርድ ከዚያ ወዲያ ሜዳው አካባቢ ዝር አላለችም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ስለ ብርዱ እናወራለን፣ ስለ ዝላይ ግን አናነሳም። እንዲህ እንዲህ እያልን አረጀን።

ባለፈው ግንቦት ታዲያ ሩኔ የሰፋላትን ፓራሹት ተሸክማ ከች አለች። መዝለል እፈልጋለሁ፣ አንዴም ቢሆን፣ አለች።

የክለቡ ኃላፊ አሁን ዮአኪም ነው። ዮአኪም ማለት እሷ ራሷ ያሰለጠነችው፣ የመጀመሪያ ቀኑ በሩን ጨምድዶ ይዞ አልዘልም ያለ፣ እኔም ከነእንባው መልሼ ያሳረፍኩት ልጅ ነው። ዛሬ ጢሙ ሸብቷል፤ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቅም። ፓራሹቱን አገላብጦ አየና አርጅቷል፣ አይዘለልበትም አላት። የክለቡን አዲሱን ትወስዳለች፤ ብዙ ዘመን ያቋረጠ ሰው እንደ ጀማሪ ስለሚቆጠርም የጀማሪዎቹን ቢጫ ሄልሜት ታጠልቃለች። አሁንስ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ ሄልሜቱን አጠለቀችና ያምርብኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንጀቴን በላችው።

ችግሩ እጇ ነበር። አዲሱ ፓራሹት ላይ ያ ኪስ ያለው ከኋላ፣ ከወገብ ዝቅ ብሎ ነው። ከሃንጋሩ ጣሪያ በተንጠለጠለው የልምምድ ቀበቶ ላይ ሆና ዮአኪም ሳቢ ሲላት፣ እጇ በቀጥታ ወደ ጭኗ ይሄዳል። ጭኗ ላይ ደግሞ ምንም የለም። እንደገና ሳቢ ሲላት እንደገና ጭኗ ላይ። እንዲህ ያለውን ስህተት የሚሳሳት የድሮ ሰው ብቻ ነው፤ ጀማሪ የሚያስቸግረው የድሮ ልማድ የለውም። ሰማይ ላይ ቢሆን ኖሮ ባዶ ጭኗን ስትዳብስ መሬት ይደርስባት ነበር።

ዮአኪም ፊቱን አጠቆረ። እጇ ካልታረመ አላሳፍራትም፣ በጋው ካለቀም ይለቅ አለ። ደሜ ፈላ። አንተን ማን አስተማረህና ነው ልለው ስል እሷ ቀደመችኝ።

«ተወው፣ እውነቱን ነው» አለች። «እኔም በሱ ቦታ ብሆን እኔን አላሳፍርም።»

የእኛን አገር አጭር በጋ፣ እስከ ነሐሴ፣ ሙሉውን ልምምድ ቀበቶው ላይ ተንጠለጠለች። አጠገቤ ተቀምጣ ቡናዋን ስትጠጣ እንኳ እጇ ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ሱቅ ውስጥ ወረፋ ይዛ ወገቧን ስትዳብስ ያየቻት ጎረቤቷ የወገብ ቅባት ገዝታላታለች። ነሐሴ ሲጋመስ እጇ መሳሳቱን ተወ። ዮአኪም ደግሞ ደጋግሞ ፈተናትና በመጨረሻ ቅዳሜ እንዘላለን አለ።

ቅዳሜ የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። በሩ ሲከፈት ኢንጌርድ ዞር ብላ አየችኝና ወጣች፤ ዮአኪምም ከጎኗ።  ሁለት ፓራሹት ተከፍቶ እስካይ ድረስ ትንፋሼን የያዝኩ ይመስለኛል።

አርፌ ስደርስ ዮአኪም ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ፊቷ ቆሟል።

«እጅሽ መጀመሪያ የት ነው የሄደው?»

«ጭኔ ላይ።»

«ነፍሴ ልትወጣ ነበር! እኔ ልስብልሽ እጄን ዘርግቼ ነበር። ያ ሁሉ ልምምድ፣ ረሳሽው?»

«አልረሳሁም» አለች፣ ፓራሹቷን እያቀፈች። «ለዚሁ ብዬ ነው ካዘዝከኝ ከፍታ ቀደም ብዬ የጀመርኩት። ሩኔ ኪሱን የሰፋበትን ቦታ አንዴ መታ መታ አደረግኩ፤ ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ሳብኩ።»

 እኔ ወደ ሐይቁ ዞሬ ዓይኔን ጠረግኩ፤ ነፋስ ነበር ብል ማን ያምነኛል።

«ሁለተኛ እንዳታደርጊው» አላት ዮአኪም።

«አላደርገውም። ተሰናብቼዋለሁ።»

እኛ ዘንድ የመጀመሪያውን የዘለለ፣ አቋርጦ የተመለሰም ጭምር፣ ኬክ ያበላል። የእንጆሪ ኬኳን ከመኪናዋ አውጥታ ልትቆርስ ስትል ዮአኪም አንዴ ቆዪ አላትና እስካሁን ያላወለቀችውን የጀማሪ ቢጫ ሄልሜት በገዛ እጁ ከራሷ ላይ አወለቀላት።