በፊደል ተራ

ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ ከተማዬ መሐል ሜዳ ልመለስ ስነሳ ለአለቃዬ የነገርኩት የእውነቱን ግማሽ ነበር። "አባቴ የዓይን ሞራ ተገፍፎላቸዋል፤ በቀን አራት ጊዜ ጠብታ የሚያደርግላቸው ሰው ያስፈልጋል፤ ሥራዬን እዚያው ሆኜ እሠራለሁ" አልኩት። ያልነገርኩት፣ እናቴ ከሞተች ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩትን አባባን ትቼ ዳግመኛ መሄድ እንደማልፈልግ ነው። ይህን ለእሳቸውም አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ "እኔ ምን ጎደለብኝ?" ብለው ይቆጡኝ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲቆጡ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ቁጣ አይቸግራቸውም።

አለቃዬ ደግ ነው፤ ደግነቱ ግን ቀነ ገደብ አለው። "ሁለት ሳምንት ሞክሪው። እስከ ሁለተኛው አርብ ሥራው ካልሄደ ሰኞ ቢሮ እንገናኝ" አለኝ።

ሥራው አልሄደም።

እኛ የምንጽፈው ኮድ ወደ ፕሮግራም የሚለወጠው እዚሁ ላፕቶፓችን ላይ አይደለም፤ ሩቅ አገር በተቀመጡ ትልልቅ ማሽኖች ነው። ላፕቶፔ ፋይሎቹን በየማህደራቸው፣ በየፎልደራቸው ማለት ነው፣ ይዘረዝርና ከእያንዳንዱ ዝርዝር አንድ አጭር አሻራ፣ ዝርዝሩን የሚለይ ቁጥር፣ ያወጣል። ሩቅ ያለው ማሽን አሻራውን አይቶ "ይሄ አለኝ" ካለ ምንም አይላክም። "አላውቀውም" ካለ ማህደሩ እንዳለ ይጫናል። ብልህ አሠራር ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ ጠዋት የጫነውን እኔ ከሰዓት በኋላ መልሼ መጫን የለብኝም።

የኔን አሻራ ግን በየቀኑ "አላውቀውም" ይለው ነበር። ስለዚህ በየቀኑ ያለኝን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጭናለሁ። በኛ ሰፈር ኔትወርክ ይህ ጠዋት ተጀምሮ ወደ ማታ የሚያልቅ ሥራ ነው። ጉም የወረደ ቀን ጭራሽ አያልቅም።

እኔ ታዲያ ጥፋቱን በሙሉ ኔትወርኩ ላይ ደፈደፍኩት። ላፕቶፑን መስኮት ላይ አስቀመጥኩ፣ ቁም ሳጥን ላይ አወጣሁ፣ በመጨረሻም የበግ ጠጉር ባና ተከናንቤ ከቤታችን ጀርባ ካለው ጉብታ ላይ ወጥቼ መሥራት ጀመርኩ። የመንዝ ነፋስ ደግሞ ፕሮግራመር ነች ብሎ አይራራም። ጣቶቼ ደንዝዘው ፊደል መምታት ሲያቅታቸው እገባለሁ፣ ሞቅ ሲለኝ ተመልሼ እወጣለሁ። ወደ ገበያ የሚያልፈው ሰው ቆም እያለ ያየኝ ነበር።

"እንዲህ ጉብታ ላይ እንድትቀመጪ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የላክሁሽ?" አሉ አባባ፣ ጠብታውን ላደርግላቸው ቀና ብለው እንደተቀመጡ።

"ኔትወርክ ፍለጋ ነው፣ አባባ።"

"እኔ በጠመኔ አስተማርኩ፤ አንድም ቀን ጠፍቶብኝ ጉብታ ላይ አልፈለግሁትም።"

ሳቅሁ። ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ደርሷል። ነገ አርብ ነው። እሄዳለሁ ማለት ነው፤ ጠብታውን ማን ያደርግላቸዋል?

ያ ሐሙስ የማኅበር ቀን ነበር። አባባ የማኅበሩ ጸሐፊ ናቸው፤ ድግሱ ጎረቤታችን ቤት ስለነበር እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። ጎረቤታችን ከኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ሥራም ወሬም የማይሰለቻት ሴት ናት። ሰዉ በዕድሜው ተራ ተደርድሮ ተቀምጧል፣ ሽማግሌው ከላይ፣ ጎልማሳው ከታች። እሷም የገብስ ዳቦውን ከላይ ጀምራ ማደል ያዘች። ለሁለት ሰው እንዳደረሰች አንድ ሽማግሌ ገቡ።

"ኖር!" ብሎ ቤቱ በሙሉ ተነሣ።

"በእግዜር! ኧረ ተቀመጡ!"

"ኧረ በሞቴ፣ ወደ ላይ ይለፉ!"

ሁሉም አንድ አንድ መቀመጫ ወደ ታች ተገፋ። ተረጋግተው ሳይጨርሱ ከሞላሌ የመጡ ሌላ ሽማግሌ ደረሱ። ኖር! እንደገና መነሣት፣ እንደገና መገፋፋት። ሦስተኛው ሲገቡ ጎረቤቴ ቁራሽ እንደያዘች መሐል ቤት ቆማ ቀረች።

"ኧረ ስለ ማርያም አንዴ ተቀመጡልኝ! ማን ደርሶት ማን እንደቀረው ጠፋብኝ፤ ከላይ ልጀምር ነው!"

እኔ እንደ ሰዉ ሁሉ ሳቅሁ። ከዚያ አባባ ስም መጥራት ጀመሩ። ዓይናቸው ገና ስላልጠራ መዝገቡን አልገለጡትም፣ በቃላቸው ነው። መጀመሪያ ሰፈሩን ይጠራሉ፣ ቀጥለው በሰፈሩ ያሉትን አባላት በክርስትና ስማቸው፣ በፊደል ተራ። በ"መ" የሚጀምሩት፣ በ"ሰ" የሚጀምሩት፣ በ"በ" የሚጀምሩት። ማን ከማን ይበልጣል፣ ማን የት ተቀምጧል የሚለው ግድ አልሰጣቸውም። ሰው ገባ፣ ኖር ተባለ፣ መቀመጫ ተለዋወጠ፤ የሳቸው ዝርዝር ንቅንቅ አላለም።

ሳቄ ከንፈሬ ላይ ደረቀ። የፋይሎቹን ዝርዝር የሚያዘጋጀውን ኮድ ለቡድናችን የጻፍኩት እኔው ነበርኩ። ስጽፈው በምን ተራ ልደርድራቸው ብዬ ብዙም ሳላስብ በዕድሜ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ቀድሞ የተፈጠረው ቀድሞ፣ አዲሱ ከታች። ኖር ሲባልበት ያደገ ሰው ሌላ ምን ያስባል? ፋይል ግን ሰው አይደለም፤ ዕድሜው በየላፕቶፑ ይለያያል። አዲስ ቅጂ ባወረድኩ ቁጥር የኔዎቹ እንደ አዲስ ይወለዳሉ፣ ተራው ይገለባበጣል፤ ተራው ሲገለባበጥ ደግሞ አሻራው ሌላ ይሆናል። ባልደረባዬ የጫነውን ያንኑ ማህደር እኔ ስዘረዝረው የማያውቁት እንግዳ ሆኖ ይቀርባል። አዲስ አበባ ኔትወርኩ ፈጣን ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ሁለት ሳምንት ጉብታ ላይ የደረቅሁት በገዛ ኮዴ ነው! አፈርኩ፤ ከማፈሬ ግን ደስታዬ በለጠ።

አባባ "ተ" ላይ እንደደረሱ ቀስ ብዬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ጥገናው ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። የላይኛው ማህደር መጀመሪያ፣ በውስጡ ያሉት ቀጥለው፣ ሁሉም በየማህደሩ በስሙ የፊደል ተራ። ለባልደረባዬ ላክሁለት፤ እሱም ቢሮ እንዳለ በአዲሱ ተራ ሁሉንም አንድ ጊዜ ጫነው። አርብ ጠዋት የኔን ጀመርኩ፤ ጉብታ ላይ ሳልወጣ፣ አባባ አጠገብ፣ ቆሎ በእጄ ይዤ። ማሽኑ አሻራዎቹን እያየ አለኝ፣ ይሄም አለኝ፣ ያም አለኝ ይለኝ ጀመር። ያላወቀው ትናንት የነካካሁትን ብቻ ነው። ቆሎዬን ሳልጨርስ ሥራው አለቀ።

አለቃዬ ደወለ። "ኔትወርክ ቀየርሽ እንዴ?"

"ተራ ነው የቀየርኩት።"

"በይ እዚያው ሁኚ" አለኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። አባባ ማልቀሴን ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የቀረብኝን ዳቦ በሌማት ይዛ መጣች። "ምን አስሮጠሽ? ስምሽ ሳይጠራ ወጣሽ!" አለችኝ።

"የኔ ስም?"

"ያንቺ ነዋ። የእናትሽ ቦታ ላንቺ አይደል የተላለፈው? መምህር ስምንት ዓመት ሙሉ በየወሩ ይጠሩሻል። አዲስ አበባ ላለች ልጅ ምን ያደርጋል፣ ይዝለሉት ስንላቸው እምቢ አሉ።"

ወደ አባባ ዞርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

"ካወጣሁሽ ተራው ይዛባብኛላ" አሉ፣ ተማሪ በሚቆጡበት ድምፅ።

ጠብታውን አደረግኩላቸው፤ ሰዓቱ ገና ነበር።

በሚቀጥለው ወር ማኅበሩ ሌላ ቤት ነበር። ከታች፣ በዕድሜዬ ቦታ ተቀመጥኩ። አባባ በፊደሉ ሄደው ሄደው "ወ" ላይ ደረሱ። የሴቶቹ የክርስትና ስም ወለተ ብሎ ስለሚጀምር እዚያ ላይ ብዙ ነን። ሲደርሰኝ ስሜን ጠሩ፣ እንደ ልማዳቸው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ "የለችም" አሉና የሚቀጥለውን ጠሩ።

"አለሁ" አልኩ።

ሰዉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። አባባ ባልጠራው ዓይናቸው ድምፄን ፈለጉት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ተራው ተዛባብኝ" አሉ፤ ተመልሰውም ከመጀመሪያው ሰፈር፣ ከመጀመሪያው ስም ጀመሩ። ዳቦው ገና አልታደለም፣ ማንም ግን አላጉረመረመም። ሰዉ አንድ በአንድ እንደገና አለሁ አለ፤ እኔም ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ።