ለግርማይ ማኪና የጨመርኩት ባሌስትራ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። በየጾሙ ትንንሹን ኃጢአት እየዘረዘርኩ ይህችን እየዘለልኩ አልፌያለሁ። እንግዲህ ለማላውቅህ ለአንተ ልናገር። ሰው ገድያለሁ። ልገድለው የፈለግኩትን ግን አይደለም።

መደበር በሚባለው የብረት ቀጥቃጮች ገበያ ውስጥ ባሌስትራ እሠራ ነበር፤ ከማኪና ሥር ተደራርቦ ጭነቱን የሚሸከመውን ጎባጣ ብረት። ከልኩ በላይ መጫን የፈለገ ነጋዴ ሁሉ እኔ ዘንድ መጥቶ ብረት ያስጨምራል። ከዚያ በኋላ ማኪናው ሲጫን ወገቡ አይጎብጥም፤ ያየው ሁሉ ገና ይችላል ይላል። ፍሬኑ ግን ያው የድሮው ፍሬን ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደንበኛ፣ ወገቡን ነው ያቃናሁልህ፣ ቁልቁለት ላይ የሚይዝህ እኔ አይደለሁም፣ ከልኩ አትለፍ እለው ነበር። ለግርማይ አላልኩም።

ግርማይ በሰፈራችን በዓባ ሻውል ጎረቤታችን ነው። ፌዴሬሽኑ በፈረሰ ሰሞን፣ ታናሽ ወንድሜ ሃብቶም መንግሥትን ሲሰድብ ሰምቻለሁ ብሎ ፍርድ ቤት የመሰከረበት እሱ ነው። ሃብቶም ያን ቀን በትኩሳት ተኝቶ ነበር፤ ውሃ ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ከእስር የወጣው ደም እየተፋ ነው፤ ክረምቱን አላለፈም። ግርማይ ለቅሶ መጥቶ ድንኳናችን ውስጥ ተቀመጠ። ተቀምጦም በላ።

ጠበቅኩት። ከዓመታት በኋላ ባለፒካፕ ሆኖ አንድ ጠዋት ደጄ ቆመ። አንድ ቶን የምትጭን ማኪና ናት። ሁለት ብረት ጨመርኩላት፤ በዕድሜዬ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት የለም። "የቐንየለይ፣ ተኽለ ሓወይ" ብሎ አመሰገነኝ። ወንድሜ አለኝ፣ ይሰማሃል?

በማግስቱ እዚያው መደበር ካሉት ወፍጮ ቤቶች በር ላይ ሃያ ኩንታል ዱቄት ሲያስጭን ቆሜ አየሁ። ወደ ምጽዋ ሊወርድ ነው። የሚጭንለት ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነበር፤ ምጽዋም የሚያራግፈው እሱ ስለሆነ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። ከመውጣቱ በፊት ወደ እኔ መጣ።

"አያ ተኽለ፣ በዛ መሰለኝ። የምታውቀው አንተ ነህ፤ ይችላል?"

ግርማይ አጠገባችን ቆሞ ይሰማል። አይችልም ብል ያራግፋል። ወንድሜን ያስበላኝ ሰው በሰላም ሄዶ በሰላም ሊመለስ ነው። ታዲያ እኔ ምን አልኩ? "ይችላል" አልኩ። ሰይድ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ጆንያው ላይ ወጣ።

ሰይድን አላሰብኩትም ብዬ ልዋሽህ? አስቤዋለሁ። ነጠላውን ራሱ ላይ ሲጠመጥም አይቼዋለሁ። ውረድ አላልኩትም። እኔ ነኝ ያላልኩት።

ቁልቁለቱ ላይ፣ ነፋሲት ከምትባለው ከተማ ሳይደርሱ ፍሬኑ ጋለና አልይዝ አለ። ግርማይ በሩን ከፍቶ ዘለለ፤ ክንዱ ተሰበረ። ሰይድ ከነጆንያው ገደል ገባ።

ግርማይ ተከሰሰ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ወንጌል ይዤ፣ ትምህርት ቤት በተማርኩት አማርኛ፣ ከአሥር ኩንታል እንዳታልፍ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ፣ አልሰማ ብሎ ነው አልኩ። ግርማይ "ሓሶት እዩ፣ ሐሰት ነው" እያለ አለቀሰ። እውነቱን ነበር። ሃብቶምም እዚያው ሳጥን ውስጥ ቆሞ ይህንኑ ብሎ ነበር። ይህን እያወቅሁ ደስ አለኝ። እስር ሲፈረድበት ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ።

ከችሎት ስወጣ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ጉልበቴ ላይ ወደቀች። የሰይድ ሚስት ናት፤ ከወሎ ድረስ መጥታለች። "እውነቱን ስለተናገርክልኝ አላህ ይስጥልኝ፤ በየስግደቴ እመርቅሃለሁ" አለችኝ። ብድግ አደረግኋት። እውነቱን ግን አልነገርኳትም።

ከግርማይ ይቅርታ አልጠይቅም፤ ዛሬም ደጄ ቢቆም ያንኑ ብረት እጨምርለታለሁ። አንተንም ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅር የማለት መብት ያላት ያቺ ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ በየስግደቷ ትመርቀኛለች።