የአምባቸው ጌሾ

የብርጓል አንድ ልጅና አንድ ጌሾ ነበራት። ልጇ አምባቸው ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሊሄድ ሲል ከዘጌ ችግኝ አምጥቶ ጓሮዋ ተከለላት። «በሳምንት አንዴ አጠጭው፤ ስመለስ በሱ ጠላ ትጠምቂልኛለሽ» አላት።

ባሕር ዳር ፋብሪካ ውስጥ ጥጥ ስትፈትል የምትውል፣ ቁጡ፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ነበረች። በጌሾው ነገር ግን ሆዷ ባባ። አንድ ቀን ቦኖ ላይ ወረፋ ይዛ «ይኼ ጌሾ የደረቀ ለት ልጄም የለም፣ እኔም የለሁ» ስትል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

በ1980 ዓ.ም. ከመጋቢት ወዲህ የልጁ ደብዳቤ ቀረ። ግንቦት ላይ ደግሞ ጌሾው ከታች ጀምሮ ቢጫ ሆነ። የብርጓል እህል አልወርድላት አለ። አመድ ነሰነሰች፣ ፍግ ጨመረች፣ ጠበል ረጨች፤ ቢጫው ግን ወደ ላይ እየወጣ ሄደ። በመጨረሻ የገዳም አትክልት ሲኮተኩቱ ያረጁት አባ ሀብተ ሥላሴ ከዘጌ በጀልባ ሲመጡ ጠብቃ፣ ለምና ወደ ጓሮዋ ወሰደቻቸው።

አባ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱት፤ ጭቃ ይዞ ወጣ። አሸተቱት።

«ልጄ፣ ተጠምቶ ቢሆን ቅጠሉ ተኮማትሮ በደረቀ ነበር። ይኼ ውሃ በዝቶበት ሥሩ ታፍኗል። ቦይ ቅደጅለት፤ አፈሩ ጠፈፍ እስኪል ጠብታ አታሳዪው። በስንት ቀን ነው የምታጠጭው?»

«በሳምንት አንዴ፣ አባ። ከዚያ ወዲያ አላፈሰስሁም።»

«እንዲያ ከሆነ ሌላ የሚያጠጣ አለ።»

የብርጓል ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ለአንድ ባልዲ ቦኖ ላይ ፀጉር በሚነጫጩበት ሰፈር ማን በሰው ጓሮ ውሃ ያፈሳል? ያም ሆኖ በማግስቱ ወደ ፋብሪካ የሄደች መስላ ተመለሰችና ማድቤቷ ውስጥ ተቀመጠች።

ረፋዱ ላይ የጎን ጎረቤቷ አገርነሽ ገባች፤ አንድ ባልዲ ጌሾው ሥር ደፍታ ወጣች። ብዙም ሳይቆይ የእድሩ ዳኛ አቶ ዳኘው ጣሳ ይዘው መጡ። ለገዛ ሽንኩርታቸው ውሃ የሚሰስቱት ዳኘው! ጣሳውን ሲያጋድሉ እንባቸው በጉንጫቸው ይወርድ ነበር።

የብርጓል ልትቆጣ ብድግ አለች፤ እንባቸውን ስታይ ግን ሌላ ነገር ገባት። አገሯን ታውቃለች፤ ዘመድ እስኪሰበሰብ፣ ጊዜ እስኪመች መርዶ ይደበቃል። ስንቱን መርዶ ራሷ ደብቃለች። ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ልጄ መቼ ነው የሞተው?»

ጣሳው ከእጃቸው ወደቀ። «ማን ነገረሽ?»

«እርስዎ ነዎት የነገሩኝ።»

«በመጋቢት ነው» አሉ ዳኘው፣ መሬት መሬት እያዩ። «እህትሽ ከእንፍራንዝ እስክትደርስልሽ ብለን ነው። ጌሾው ደርቆ ብታዪው እንዳትሞችብን ፈራን።»

እያንዳንዱ ጎረቤት፣ ሌላው ማጠጣቱን ሳያውቅ፣ ሁለት ወር ሙሉ አጠጥቶታል። አዝነውላት ነበር፤ በሐዘናቸው ብዛት ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም።

ያን ዕለት ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶ ጉድጓድ በቆፈሩበት ዶማ ቦዩን ቀደዱለት። ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ጌሾው አዲስ ቅጠል አወጣ። የብርጓል ግን ከዚያ ወዲያ ጠውልጋ ቀረች፤ ቦኖ ላይ ድምፅዋ ጠፋ።

ለአምባቸው ሙት ዓመት ቅጠሉን ሸምጥጣ ጠላ ጠመቀች። ዳኘው ዋንጫቸውን እንደያዙ መጠጣት አቃታቸው።

«ይጠጡ እንጂ» አለቻቸው። «ያጠጡት እርስዎ ነዎት። ልጄ ሊጠጣው ነበር።»